የእናቴ የጉንጭ ጡንቻ

እናቴ ስትፈግግ አይቼ አላውቅም። መሳቅስ ትስቅ ነበር፤ ሳቋ ግን የሚታየው ትከሻዋ ላይ ነው። ትከሻዋ ይርገበገባል፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ ከንፈሯ ግን እንደነበረ ይቀራል። እኛ ልጆቿ መሳቋን የምናውቀው ትከሻዋን አይተን ነው። ሌላው ሰው ደግሞ ትከሻ አያይም፤ የሚያየው ፊት ነው። ስለዚህ በሰፈራችን እናቴ ኩሩ ሴት ተብላ ትታወቅ ነበር።

ያደግነው ከጨንቻ ወጣ ብሎ ባለ የደጋ መንደር ነው። አባቴ ሸማኔ ስለነበር ዓመቱን አዲስ አበባ ሲሠራ ከርሞ ለመስቀል ይመጣል። እናቴ ጥጥ ትፈትላለች፣ እንሰት ትፍቃለች፣ ጓሯችን ያሉት የአፕል ዛፎች ሲያፈሩ ደግሞ ፍሬውን በቅርጫት ይዛ መንገድ ዳር ትቀመጣለች። ከአርባ ምንጭ የሚወጡ መኪኖች ይቆማሉ። ተሳፋሪዎቹ መስኮቱን ዝቅ አድርገው አንዴ እሷን፣ አንዴ አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት ያያሉ፤ ከዚያ ከሌላኛዋ ይገዛሉ። የዚያች ሴት ጥርስ ገና መኪናው ሳይቆም ነው የሚታየው። የእናቴ አፕል ያማረ ነበር፤ ሲመሽ ግን አብዛኛውን ይዘን እንመለሳለን። እሷም አንድ ቀን ስለዚህ ነገር አማርራ አታውቅም። የተረፈውን ለእኛ ትቆርስልናለች።

ጸጉሬን ስትሠራኝ ታስተኛኝ ነበር። የሰፈሬ ልጆች ሁሉ በእናታቸው ጉልበት መሀል ቁጭ ብለው ነው የሚሠሩት፤ እኔ ግን ሰሌን ላይ ተጋድሜ፣ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጌ፣ መጀመሪያ በአንድ ጎኔ፣ ከዚያ ዞሬ በሌላው ጎኔ። እጇን ወደ ላይ አንስታ ማቆየት ስለማትችል እንደነበር ያኔ አላውቅም። የእኛ ቤት ወግ ነበር የመሰለኝ። እንዲያውም ቁጭ ብለው የሚሠሩት ልጆች ያሳዝኑኝ ነበር። እኔ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ እሠራለሁ፣ ስነቃ ጸጉሬ አልቆ አገኘዋለሁ፤ እናቴም እንዳልነቃ ብላ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ትጠብቀኛለች።

ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩ ጊዜ ጨንቻ ከተማ ወስዳ ፎቶ አስነሣችኝ። አብራኝም ልትነሣ ቆመች። ፎቶ አንሺው ጨዋታ የሚወድ ወጣት ነበር። ከኋላችን ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። እኔ ጥርሴን አሳይቼ ቆምኩ። ልጁ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቆየና መልሶ አወረደው።

«እትዬ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ። የደስታ ቀን ነው» አላት።

«ፈገግ ብያለሁ» አለችው እናቴ።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እናቴ አንገቷን ትንሽ ወደ እኔ ዘንበል አደረገች፣ እሱም አነሣን። ፎቶው ላይ እኔ ሠርግ ቤት ያለሁ፣ እሷ ለቅሶ ቤት ያለች እንመስላለን።

እናቴ የሞተችው እኔ አርባ ምንጭ ለመምህርነት ስማር ነው። ሕመሟ አጭር ነበር፤ ሳንባዋን ነው የያዛት። የተነገረኝ ዘግይቶ ነው፣ መንገዱም ክረምት ስለነበር በጭቃ ተዘግቷል። መኪና እየቀያየርኩ፣ ግማሹንም በእግሬ ወጥቼ ስደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ፊቷን ሳላየው ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እናቴን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ እጇና ጭኗ ነበር። ፊቷን ላስታውስ ስሞክር የሚመጣልኝ ያ ፎቶ ላይ ያለው ነው፤ እሱን ደግሞ አልፈልገውም።

ተመርቄ እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር የአማርኛ መምህርት ሆንኩ። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ጫኖ ሙዝና ማንጎ የሚያለማ ሰው አገባሁ፤ ቤታችንን ከተማው ውስጥ አደረግን፣ እሱ ጠዋት ጠዋት ወደ እርሻው ይሄዳል። ሴት ልጅ ወለድን። ኑሯችን ደህና ነበር።

የእኔ ነገር የጀመረው ሰሌዳ ላይ ነው። ከሰሌዳው አናት መጻፍ የለመድኩት ሴት፣ ቀስ በቀስ ከመሀል መጀመር ያዝኩ። እኔ ራሴ ልብ አላልኩትም። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ አንድ ቀን ከእኔ ቀጥላ ስትገባ፣ የላይኛውን ግማሽ ለእሷ እየተውኩላት እንደሆነ በቀልድ ጠየቀችኝ። በነጋታው ከላይ ልጽፍ ብዬ ቀኝ እጄን ሳነሣ ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ቆመ። አላመመኝም። ዝም ብሎ እንቢ አለ። በግራ እጄ ቀኙን ክርን ደግፌ አነሣሁትና አርእስቱን ጻፍኩ። ተማሪዎቼ አዩኝ።

ከዚያ ነገሩ በየቦታው ይታየኝ ጀመር። ልብስ ማስጣት ሲያቅተኝ ባለቤቴ ምንም ሳይል ገመዱን ዝቅ አድርጎ አሰረው። ጸጉሬን ስታጠብ ጭንቅላቴን ወደ እጄ ማውረድ ሆነ። ገላዬን ስታጠብ ያየችኝ የባለቤቴ እህት፣ የቀኝ ትከሻሽ አጥንት እንደ ክንፍ ወጥቷል አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ ስተኛ ዓይኔ በደንብ እንደማይገጠም፣ ነጩ እንደሚታይ ነገረኝ፤ ሲያገባኝም ትንሽ እንዲህ ነበር፣ እሱን ስላላስከፋው አንሥቶት አያውቅም።

ነርቭ ነው ተባልኩና መርፌ ተወጋሁ። ፀበል ገባሁ። ብርድ ነው ያሉኝም ነበሩ፤ አርባ ምንጭ ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ ብርድ ከየት ያገኘኛል ብዬ ባስብም ትከሻዬን በሻርፕ ጠቀለልኩ። ምንም ለውጥ የለም፤ የሚያመኝም ነገር የለም። የሚያስፈራኝ ይኸው አለማመሙ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንዲት የነርቭና የጡንቻ ሐኪም ለጥቂት ወራት እንደመጣች ሰማንና ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ከእኔ የምታንስ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ትከሻዬን ላሳያት ነጠላዬን ሳወርድ እሷ የምታየው ፊቴን ነበር። ብዙ አየችኝ።

«መምህርት፣ ማፏጨት ትችያለሽ?» አለችኝ።

ሴት ልጅ አታፏጭም ተብዬ ያደግሁ ነኝ፤ ሞክሬም አላውቅም። ከንፈሬን ላሾል ብሞክር አየሩ በጎን በጎን ወጣ። ጉንጭሽን ንፊ አለችኝ፤ በጣቷ ነካ ስታደርገው ተነፈሰ። ዓይንሽን ጥብቅ አድርገሽ ጨፍኚ፣ እንዳላስከፍትሽ አለችኝ፤ በአውራ ጣቷ ያለ ምንም ችግር ከፈተችው። ፈገግ በይ አለችኝ። ፈገግ አልኩ። ግራው የከንፈሬ ጫፍ እንደወጣ፣ ቀኙ ግን እንዳልተከተለው በመስታወት አሳየችኝ። እድሜ ልኬን ፊቴ ላይ የነበረ ነገር ነው፤ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ መጋረጃ ወዳለበት ጠባብ ክፍል ወሰደችኝና ከአልትራሳውንድ ማሽኑ አጠገብ አጋደመችኝ። ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ የታየሁበትን ዓይነት ስለሆነ ግራ ገባኝ። ይሄ ፅንስ የሚታይበት አይደለም እንዴ ብዬ ጠየቅኋት። ነው አለችኝ። እኛ የማንሰማውን ድምፅ ወደ ውስጥ እንደሚልክ፣ ድምፁ ያገኘውን ነገር መትቶ እንደሚመለስ፣ ማሽኑም ከተመለሰው ድምፅ ሥዕል እንደሚሠራ አስረዳችኝ። ሥጋ ታሞ ሲለወጥ ድምፁን የሚመልስበት መንገድም ይለወጣል።

መጀመሪያ የራሷን እጅጌ ሰብስባ፣ ቀዝቃዛውን ጄል ክንዷ ላይ ቀብታ፣ መሣሪያውን አስቀመጠችበት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነገር መጣ፤ እንደ ጥልቅ ውሃ ጥቁር፣ በውስጡ ስስ ነጫጭ መስመሮች ያሉት። ከሥሩ ደማቅ ነጭ ቅስት አለ።

«ይሄ ደህና ጡንቻ ነው። ታች ያለው አጥንት ነው» አለችኝ። «አሁን ያንቺን እንይ።»

መሣሪያውን የእኔ ክንድ ላይ ስታሳርፈው ስክሪኑ ነጣ። ጥቁሩ የለም፣ መስመሮቹ የሉም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ያን ቅስት ፈለግሁት።

«አጥንቱስ?» አልኳት።

«አጥንቱ አለ። ድምፁ መንገድ ላይ ተበትኖ ስለሚቀር እሱ ጋ አይደርስም። ጡንቻው ቦታውን ለስብና ለጠባሳ እየለቀቀ ነው።»

ብዙ ቦታ አየችኝ። ጭኔ ላይ ጥቁሩ መጣና ደስ አላት፣ እኔም በእሷ ደስታ ደስ አለኝ። ትከሻዬ ላይ አንዱ ጡንቻ ጥቁር ሆኖ ጎረቤቱ ነጭ ነው፤ ሕመሙ እየመረጠ የገባ ይመስላል። ሌሎች ሕመሞች እንዲህ አይመርጡም፣ ይሄ አመራረጡ ነው የሚነግረኝ አለች። መጨረሻ ላይ መሣሪያውን በትንሽ ቀየረችና ጉንጬ ላይ፣ ከጉንጬ አጥንት ወደ ከንፈሬ ጫፍ አግድም አስቀመጠቻት። ስክሪኑ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ነገር ታየ።

«ይህቺ ሰው ሲፈግግ የከንፈሩን ጫፍ ወደ ላይ የምትስበው ጡንቻ ናት» አለችኝ። መሣሪያዋን ሳታነሣ ቀጠለች። «ይሄ ነገር በዘር የሚመጣ ይመስለኛል። እናትሽ ወይም አባትሽ እንዲህ ያለ ነገር ነበራቸው?»

የለም ልል ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እናቴ አትፈግግም ነበር።»

መሣሪያውን አስቀምጣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇን ከፍ ታደርግ ነበር ወይ አለችኝ። ተኝቼ ጸጉሬን እንደምትሠራኝ ነገርኳት። ስትተኛ ዓይኗ ይከደን ነበር ወይ አለችኝ። ሕፃን ሆነን ተኝታለች ብለን ማር ልንሰርቅ ስንሄድ፣ ዓይኗ ክፍት መስሎን ደንግጠን እንደምንመለስ ነገርኳት። እንዲህ እያለች ስትጠይቀኝ፣ እኔም ስመልስላት፣ ከራሴ ይልቅ ስለ እናቴ ስናወራ ቆየን። ጉንጬ ላይ ያለው ጄል ደርቆ ያዘኝ።

ሐኪሟ ያልሆነ ተስፋ አልሰጠችኝም። በዚህ ሥዕል ብቻ የበሽታውን ስም እርግጠኛ ሆና መጥራት እንደማትችል፣ ማረጋገጫው የዘር ምርመራ እንደሆነና እዚህ እንደሌለ ነገረችኝ። የሚያድን መድኃኒትም የለም። ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፣ ብዙ ሰው እድሜውን ይኖርበታል፣ ያሉትን ጡንቻዎች በመጠነኛ እንቅስቃሴ መጠበቅ ይቻላል፤ ለዓይኔም ማታ ማታ የምቀባው ቅባት አዘዘችልኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ከዛፍ ሥር ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና መጀመሪያ ማንን ልንገር ብዬ አሰብኩ። ባለቤቴ እርሻ ላይ ነው፣ ስልኩ ይነሣል። እኔ ግን ልነግር የፈለግሁት ለእናቴ ነበር። ከሞተች ስንት ዓመት አልፏት፣ ያን ቀን ግን ልክ ደጋ ላይ ቁጭ ብላ የምትጠብቀኝ መሰለኝ። ኩሩ አልነበርሽም ልላት ፈለግሁ። እሷ እንደሁ ታውቀዋለች። ሌላው ነው የማያውቀው።

ሐኪሟ ሌላ ዘመድ ካለ ብታይ ሥዕሉ እንደሚጠራላት ነግራኝ ነበር። ያለችኝ አንዲት አክስት ናት፣ የእናቴ ታናሽ። ጨንቻ ወጣሁ። ጭጋጉ የቀርከሃውን አጥር ውጦት ነበር፤ አክስቴ ከጓሮ ብቅ ስትል ከእናቴ ጋር አንድ የሆነው ፊቷ ከዚያ ጭጋግ ውስጥ ወጣ። እሷም አትፈግግም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው፤ እህትማማች ስለሆኑ ይመሳሰላሉ ከማለት በቀር አስቤበት አላውቅም።

በጋሞኛ ነው የምናወራው። ነገሩን ሳስረዳት ጥጧን እየፈተለች ሰማችኝ። መጀመሪያ እንቢ አለች። ይሄ ነገር ድሮ ተጠይቆ ያለቀ ነው አለችኝ፤ ከዚያም እኔ የማላውቀውን አወራችኝ። እኔ ሳልወለድ የእናቴ ክንድ መድከም ሲጀምር፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጎሜ ነው አሉ። ጎሜ በእኛ ዘንድ አንድ ሰው ነውር ወይም ክልክል የሆነ ነገር ሲያደርግ በእሱ ወይም በቤተሰቡ ላይ የሚመጣው ጣጣ ነው። ያደረገችውን ተናግራ እንድትነጻ ጠየቋት። ክፉ አስበው አልነበረም፤ ሊያድኗት ነው። እናቴ ምንም አላደረግሁም አለች። ደግመው ጠየቋት። በመጨረሻ አንድ ያላደረገችውን ነገር አድርጌያለሁ ብላ ተናገረች፤ በግ ታረደ፣ ሁሉም እፎይ ብሎ ተመረቀች፣ ክንዷ ግን እንደዚያው ቀረ።

«ለምን ያላደረገችውን?» አልኳት።

«ደከማት። እኔ ደግሞ ልጅ ነበርኩ፣ ገና አላገባሁም። ቤታችን ያልነጻ ጎሜ አለበት ከተባለ እኔን ማን ያገባኛል ብላ ነው» አለችኝ።

ያን ሌሊት እዚያው አደርኩ። ጠዋት አክስቴ ጋቢዋን ለብሳ ተዘጋጅታ አገኘኋት። ምን እንዳስለወጣት አልጠየቅኋትም፤ ራሷ በመንገድ ላይ፣ ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ነገረችኝ። ከእህቷ ጋር አንድ ሥጋ ከሆኑ፣ ያን ሥጋ አንድ ጊዜ ማየት እንደምትፈልግ ነው ያለችኝ።

አርባ ምንጭ ስትደርስ ሙቀቱ አደከማት። ባለቤቴ ከጫኖ ማንጎ አምጥቶላት ደጃፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ በላች። ልጄ የአክስቴን አማርኛ፣ አክስቴ የልጄን ጋሞኛ እያረሙ ተግባቡ።

በቀጠሮው ሐኪሟ ፊት ቀረብን። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሐኪሟ አክስቴን እርስዎ እያለች፣ ምን እንደምታደርግ አስቀድማ እየነገረች፣ ቀስ ብላ መረመረቻት። ክንዷ ከእኔ ይብሳል፤ ስክሪኑ ላይ አንዳች ጥቁር የለም። አክስቴ አንገቷን አዙራ ትመለከታለች።

«ጭጋግ ነው የሚመስለው» አለችኝ በጋሞኛ። «የእኛ ጠዋት።»

ተረጎምኩላት። ሐኪሟ አዎ፣ ልክ ነው አለች። ከዚያ ትንሿን መሣሪያ ይዛ ወደ አክስቴ ጉንጭ ሄደች። ያቺ ክር መጣች፤ ከእኔም ትቀጥናለች። ሐኪሟ ካየቻት በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ፈገግ ይበሉ በያቸው» አለችኝ።

ለአክስቴ ነገርኳት። የአክስቴ ፊት አልተንቀሳቀሰም። ከንፈሯ እንደነበረ ነው። እኔ ፊቷን እያየሁ፣ እንደገና ልነግራት አፌን ስከፍት ሐኪሟ እጄን ያዘች።

«ፊታቸውን ተይው። እዚህ እዪ።»

ስክሪኑን አየሁ። ያቺ ነጭ ክር ተንቀጠቀጠች። ትንሽ ወፈር አለች፣ ወደ ጉንጩ አጥንት ተሳበች፣ ጥቂት ቆየችና መልሳ ለቀቀች። ሐኪሟ ድገሚላቸው አለችኝ። ደገምኩላት። ክሯ እንደገና ተሳበች። ከላይ ቆዳው ላይ ምንም የለም። ከሥር ግን አክስቴ እየፈገገች ነው።

«እየፈገጉ ነው» አለች ሐኪሟ። «ጡንቻው የከንፈራቸውን ክብደት መሳብ አልቻለም እንጂ ትእዛዙ ደርሶታል።»

መተርጎሜን ተውኩ። ዞር ብዬ መጋረጃውን ያዝኩ። አክስቴ ምን አለች፣ ምን አለች እያለች ትጠይቀኛለች። እንደምንም ነገርኳት። ከዚያ ስክሪኑን እሷም እንድታየው ሐኪሟን እንድጠይቅላት ነገረችኝ፤ ሐኪሟም ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችላትና አክስቴ እያየች ደግማ ደጋግማ ፈገግ አለች። እኔ የማየው የእሷን ጉንጭ አልነበረም። ፎቶ ቤት ውስጥ አጠገቤ የቆመችውን፣ መንገድ ዳር አፕሏን ይዛ መኪና ሲቆም ቀና የምትለውን ነበር የማየው።

ማምሻውን በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ ባለቤቴ ልጃችንን ይዞ ሱቅ ሄዶ፣ አክስቴ ሳልጠይቃት አወራችኝ። እኔ እንደተወለድኩ ሰሞን ልታርሳት እናቴ ቤት ነበረች። አንድ ቀን እናቴ ጡት እያጠባችኝ ቆየችና ቀና ብላ ጠየቀቻት፤ «ይቺ ልጅ ደስ እንዳለኝ ታውቃለች?» አለቻት። አክስቴም ልጅ በእጅ ነው የሚያውቀው አለቻት። እናቴ ከዚያ በኋላ እኔን ከእጇ አታወርድም ነበር፤ ክንዷ ሲዝል ጭኗ ላይ፣ ጭኗ ሲደክም ጎኗ ላይ ታስተኛኛለች።

«አውቃለሁ» አልኩ። ለአክስቴ ይሁን ለማን አላውቅም።

የቀረን የልጄ ጉዳይ ነበር። ሐኪሟ ሕመሙ ከእኔ ወደ እሷ ሊያልፍም ላያልፍም እኩል ዕድል እንዳለው ነግራናለች። ባለቤቴ ትታይ አለ። የሚሠራ ሰው ስለሆነ ነገርን ቶሎ ማወቅ ይፈልጋል፤ ሙዙ ላይ በሽታ ሲያይ በዚያው ቀን ነው የሚቆርጠው። እኔ ሁለት ልብ ሆንኩ። ስትስቅ ጉንጯን ማየት ጀመርኩ፣ ግራና ቀኙን ማወዳደር ጀመርኩ፤ ይኼ ደግሞ ራሱ በሽታ ሆነብኝ። አንድ ቀን ምን እያየሽ ነው እማዬ አለችኝ፤ ምንም አልኳት።

ሁለታችንም ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። ልጅቷ ምንም የደከማት ነገር ከሌለ ማየቱ አሁን የሚሰጣት ጥቅም እንደሌለ፣ አድጋ ራሷ መወሰን ስትችል ብትጠየቅ እንደሚሻል መከረችን። ባለቤቴ ትንሽ ተከራከራት፣ ሰማችው። በመመለሻችን ባጃጅ ውስጥ፣ እንግዲያው እንተዋት አለ። ተውናት። ዛፍ ትወጣለች፣ ወንድ ልጅ እስክትመስል ድረስ ታፏጫለች፤ ዝም በይ የሚላት ሰው ሲመጣ እኔ ነኝ የምከላከልላት።

ሐኪሟ ወራቷ አልቆ ሄደች። እዚህ ያሠለጠነችው ሐኪም በየጊዜው ያየኛል፤ ነጩ ትንሽ ሰፍቷል፣ ጭኔ ግን ስክሪኑ ላይ እንደጠቆረ ነው። ትምህርት ቤቱ ማስተማሩን ትቼ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንድዛወር ጠይቆኝ አልፈለግሁም፤ አሁንም አስተምራለሁ፣ ሰሌዳው ላይ እኔ ስናገር ተማሪ ይጽፍልኛል። አክስቴ ደጋዋ ላይ ናት። ሙቀቱን አልወደደችውም፤ ስልክ ግን እንደዋወላለን።

ባለፈው ሰሞን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ከልጄ ጋር ስናወራ፣ አያቴ ስትጠራሽ ድምፅዋ ምን ይመስል ነበር አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የለም። ቃላቱን አስታውሳለሁ፣ የተናገረችበትን ቦታ አስታውሳለሁ፣ ድምፁ ግን የለም፤ ሄዷል። መቼ እንደሄደ እንኳ አላውቅም። በዚያ ዘመን ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ማን ነበረው። ተቀምጬ ብዙ ሞከርኩ፣ ልጄም እየጠበቀችኝ።

አክስቴ ጋ ደወልኩና ጠየቅኋት። ከዚያ ከእንሰቱ መሀል ሆና ወደ ቤት የምትጣራ ሰው እንደሆነች ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ የመጨረሻውን እየጎተተች፣ በሕፃንነት ስሜ ጠራችኝ። ልጄ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋለች።

«እንዲህ ነበር» አለች አክስቴ። «የእሷ ትንሽ ወፈር ይል ነበር።»

እንደገና ጥሪኝ አልኳት።